የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አረቃቀቅ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

(ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

«ጄፈርሰን ነው የጻፈው።» ቶማስ ጄፈርሰን በ1776 ያረቀቀው የነጻነት አዋጁን ነው። በ1787 ፊላደልፊያ ላይ ሕገ መንግሥቱ ሲረቀቅ እሱ በዲፕሎማትነት ፓሪስ ነበር።

«ማዲሰን የፈለገውን አገኘ።» «የሕገ መንግሥቱ አባት» ስለሚባል ብዙዎች እንዲህ ያስባሉ። ጄምስ ማዲሰን ግን በሁለቱም ምክር ቤቶች ውክልናው በሕዝብ ብዛት እንዲሆን፣ ኮንግረስም የግዛቶችን ሕግ መሻር እንዲችል ታግሎ በሁለቱም ተሸንፏል። እንደ ደላዌርና ኒው ጀርሲ ያሉ ትንንሽ ግዛቶች በትልልቆቹ መዋጥን አሻፈረኝ አሉ። በሴኔት እኩል ውክልና ያገኙት ጁላይ 16 ቀን በ5 ለ4 ድምፅ ሲሆን (ለእያንዳንዱ ግዛት አንድ ድምፅ ነበረው)፣ የማሳቹሴትስ ተወካዮች እኩል ለእኩል በመከፈላቸው ድምፃቸው አልተቆጠረም። «ታላቁ ስምምነት» የሚባለው እንግዲህ ይህ ነው፤ ስሙ ትንሽ ተጋኗል።

«የሦስት አምስተኛው ድንጋጌ የጥቁሮችን ሰውነት የለካ ነው።» ከሁሉም በላይ የሚያሳስተው ይሄ ነው። ድንጋጌው የአንድ ግዛት ሕዝብ ሲቆጠር ከባሪያዎቹ ሦስት አምስተኛው ብቻ ይታሰብ የሚል ነው። ጭቅጭቁ በተወካዮች ምክር ቤት በሕዝብ ብዛት ልክ ስለሚገኝ ወንበር ነበር። ባሪያዎቹ እንደ ሙሉ ሰው ይቆጠሩ ብለው የሞገቱት ራሳቸው የባሪያ አሳዳሪዎቹ ግዛቶች ናቸው! በንብረትነት የያዟቸውና ድምፅ የነፈጓቸው ሰዎች ወንበር እንዲያበዙላቸው ፈለጉ። ከሰሜን ተወካዮች አንዳንዶቹ ደግሞ ጭራሽ አይቆጠሩ አሉ። ነጻ ጥቁሮች በሙሉ ይቆጠሩ ነበር። ስለዚህ ክፍልፋዩ ዝቅ በማለቱ የተጎዳው ባሪያ አይደለም፤ ከዜሮ በላይ የሆነው ሁሉ ለአሳዳሪው ትርፍ ነበር። ፕሬዚዳንት የሚመርጡት የየግዛቱ ወኪል መራጮች (ኤሌክተሮች) ቁጥርም በዚሁ ስሌት ላይ ስለተመሠረተ፣ ደቡብ በዚያም በኩል ተጠቀመ። በዚህ ላይ ኮንግረስ ባሪያ ከውጭ ማስገባትን እስከ 1808 እንዳይከለክል ታሰረ። በእኔ እምነት ድንጋጌውን እንደ ስድብ ብቻ ማንበብ ጉዳቱን ያሳንሰዋል።

«የመናገርና የእምነት ነጻነት ከመጀመሪያው ነበሩበት።» የመብቶች ዝርዝር ይካተት የሚለውን ሐሳብ በጉባኤው ማብቂያ ላይ የተገኙት ግዛቶች ሁሉ ውድቅ አድርገውታል። እነዚህን ነጻነቶች የያዙት አስሩ ማሻሻያዎች የጸደቁት በ1791 ነው።

«ሁሉም ተስማምተው ፈረሙ።» ከተሳተፉት 55 ተወካዮች የፈረሙት 39 ናቸው። ጆርጅ ሜሰን፣ ኤድመንድ ራንዶልፍና ኤልብሪጅ ጌሪ እስከ መጨረሻው ቀን ቆይተው አንፈርምም አሉ። ሮድ አይላንድማ ጭራሽ ተወካይ አልላከችም፤ ያጸደቀችውም ጆርጅ ዋሽንግተን ፕሬዚዳንት ሆኖ ዓመት ካለፈው በኋላ፣ በ1790፣ ያውም በ34 ለ32 ድምፅ ነው።