የማይቶኮንድሪያ ውጥረትና የትሎች ዕድሜ

ሲ. ኤሌጋንስ የምትባለው ትል ርዝመቷ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ቆዳዋ ብርሃን ስለሚያሳልፍ በማይክሮስኮፕ ሲያዩዋት አንጀቷም እንቁላሏም ቁልጭ ብሎ ይታያል። ዕድሜዋ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ነው። ስለዚህ እርጅናን የሚያጠና ሰው ሙሉ ሕይወቷን በአንድ ወር ውስጥ ተከታትሎ ይጨርሳል።

ማይቶኮንድሪያ ምግብን በኦክስጅን እያቃጠለ ለህዋስ ጉልበት ያመነጫል። እሱ ከተጎዳ ዕድሜ ያጥራል ብለን እንጠብቃለን፤ አንዳንዴም እውነት ነው። ሜቭ-1 የተባለው ጂን የተበላሸባቸው ትሎች ቶሎ ይሞታሉ። እ.ኤ.አ. በ2001 ግን ኢስፕ-1 የተባለ ሌላ የማይቶኮንድሪያ ጂን የተለወጠባቸው ትሎች ከሌሎቹ በጣም ረዝመው እንደሚኖሩ ታወቀ። የሚያድጉት ቀስ ብለው ነው፤ ግን ይኖራሉ።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ የጊዜው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ተመራማሪው አንድሩ ዲሊንና ባልደረቦቹ እንደ ኢስፕ-1 ያሉ የማይቶኮንድሪያ ጂኖችን ሥራ በተለያየ ዕድሜ ላይ ቀነሱት። ገና እጭ ሳሉ የተነኩት ትሎች ረጅም ዕድሜ ኖሩ። ካደጉ በኋላ የተነኩት ጉልበታቸው ቀነሰ እንጂ ዕድሜያቸው አልጨመረም። የጉልበት ማነስ ብቻውን ምክንያት አይደለም ማለት ነው። አንድ መልእክት አለ፤ የሚሰማውም በልጅነት ነው።

መልእክቱን ከሚያደርሱት አንዱ ኤቲኤፍኤስ-1 የተባለ ፕሮቲን ነው። በደህናው ጊዜ ወደ ማይቶኮንድሪያ ይገባና እዚያው ተቆራርጦ ይጠፋል። ማይቶኮንድሪያው ሲታወክ ግን እንደ ልብ መግባት ያቅተዋል። ያኔ ፊቱን የህዋሱ ዲኤንኤ ወደሚገኝበት ወደ ኒውክሊየስ አዙሮ የጥገና ጂኖችን ይቀሰቅሳል። ተመራማሪዎች ይህን በዓይን ለማየት ከጥገና ጂኖቹ አንዱ ሲነሳ የሚያበራ አረንጓዴ ፕሮቲን በትሏ ውስጥ ያስገባሉ። ጤነኛዋ ትል ደብዘዝ እንዳለች ትቀራለች። የታወከችው አንጀቷ አረንጓዴ ሆኖ ቦግ ይላል።

እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ሌላ ነገር ታየ። ጉዳቱ በነርቭ ህዋሳት ውስጥ ብቻ ሆኖ ሳለ ጥገናው አንጀት ውስጥ ተነሳ፤ ዕድሜም ጨመረ። ከነርቭ ወደ አንጀት የሚሄደውን ምልክት ማይቶካይን አሉት። ኋላ ላይ የነርቭ መልእክት አስተላላፊው ሴሮቶኒንም በዚህ ሥራ እጁ እንዳለበት ታይቷል።

ይህ ማለት ግን ጥገናው ከተነሳ ዕድሜ ሁሌ ይረዝማል ማለት አይደለም። ኤቲኤፍኤስ-1 ያለ ምንም ጉዳት ሁልጊዜ እንዲሠራ የተደረገባቸው ትሎች አረንጓዴው ቢበራባቸውም ረጅም ዕድሜ አልኖሩም። እዚህ ላይ ቸኩሎ መደምደም ያሳስታል።

የልጅነቱን ጉዳይ በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተሙ ሁለት ጥናቶች ዓይናቸውን ወደ ሂስቶኖች መለሱ። ሂስቶን ዲኤንኤ የሚጠቀለልበት ፕሮቲን ነው። እጯ ላይ የደረሰው ውጥረት በሂስቶኖቹ ላይ ያሉትን ኬሚካዊ ምልክቶች ይቀይራል፤ የዲኤንኤው አጠቃቀለልም አብሮ ይለወጣል። ጉዳቱ የደረሰው ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ቢሆንም፣ ያደገችው ትል የጥገና ጂኖች እንደተቀሰቀሱ ይቆያሉ።