ሳማ አፍ አያቃጥልም፦ የጾም ድስት ላይ የሚወሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደብረ ማርቆስ ላይ የጾም ምግብ ሠርቼ ነው የምኖረው። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን ሳቀርብ ማንም ምንም አይለኝም። ከዚያ ያለፈ ነገር ድስት ውስጥ ከገባ ግን በሊው ሁሉ ሐኪም ይሆንብኛል። «እትዬ፣ ይኼ ይበላል እንዴ?» መባል ሰልችቶኛልና ሁልጊዜ የምመልሰውን ጽፌ ልገላገል።

«ድንች የአባቶቻችን ነው፤ ሌላው እንግዳ ነው።»

ተገላቢጦሽ ነው። ድንችን ወደ አገራችን ያስገባው ሺምፐር የሚባል ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ነው፤ እሱም በ1858፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር። ዱባውም፣ ቲማቲሙም፣ የምንኮራበት በርበሬም ዘራቸው ከአሜሪካ ምድር የመጣ ነው። በአዊ ጓሮዎች የሚበቅለው የአገው ድንች፣ ሌላው አካባቢ የወላይታ ድንች የሚለው፣ ግን ጥንቱንም የዚሁ አገር ተክል ነው። ታዲያ እንግዳው የትኛው ነው? ጣት የምታክለውን ያቺን ጎርበጥባጣ ድንች በጥሬዋ ልላጥ ያለ ሰው ግማሿን ከልጣጩ ጋር ይጥላታል። ከነልጣጯ ቀቅላችሁ ትኩስ እያለች በጣታችሁ ብትገፉት ልጣጩ ራሱ ይወርዳል። ከዚያ አልጫ፣ በእርድና በነጭ ሽንኩርት።

«ፍራፍሬ ወጥ አይሆንም።»

የበሰለው አይሆንም፣ ልክ ናችሁ። ያልበሰለ ፓፓያ ግን ጠባዩ ከቅል አይለይም። ቢላዋ ሲነካው ወተት የመሰለ ነጭ ፈሳሽ ያንጠባጥባል፤ ሰው የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው። ልጡት፣ ፍሬውን ከውስጡ ፍቃችሁ አውጡ፣ በጨው ውሃ እጠቡት፤ ከዚያ ቀይ ሽንኩርቱን በደንብ አቁላልታችሁ በበርበሬ ሥሩት። ፍራፍሬ በበርበሬ መሥራት ነውር ነው ሲሉኝ የከረሙ አንድ ደንበኛዬ፣ ሳልነግራቸው አቅርቤላቸው «የዘንድሮ ቅል እንዴት ደህና ነው!» ብለው አስጨመሩ። ነፍሰ ጡር ሴት ግን ያልበሰለ ፓፓያ ይቅርባት፤ ይህን ቀልድ አላደርገውም።

«ጥሬ ማንጎ ሆድ ይቆርጣል።» በባዶ ሆድ ሦስት አራት ከተበላማ ምን የማይቆርጥ አለ! ፍቃችሁ በሎሚ ፋንታ አዚፋ ውስጥ ጨምሩትና ንገሩኝ።

«የዱባ ቅጠል የከብት ነው።» ለጋ ጫፉ የሰውም ነው። ክር ክር የሚለውን ልጣጭ ከግንዱ ላይ ግፈፉና እንደ ጎመን ሥሩት።

«የጾም ወጥ በዘይት ብዛት ነው የሚጣፍጠው።» ዘይት የተንሳፈፈበት ወጥ፣ ሽንኩርቱ ሳይቁላላ ውሃ የተቸለሰበት ወጥ ነው። የኑግ ዘይት ከሆነማ ጥቂቱ ይበቃል።

አሁን ወደ ሳማ።

«አፍ ያቃጥላል» የሚለኝና «የድሀ ምግብ ነው» የሚለኝ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰው ነው፤ ቀምሶት አያውቅም። የሚያቃጥሉት በቅጠሉና በግንዱ ላይ የቆሙት ደቃቅ ፀጉሮች ናቸው። ውስጣቸው ክፍት ነው፤ ጫፋቸው ቆዳ ላይ ሲሰበር የያዙትን ፈሳሽ ይረጫሉ። የፈላ ውሃ ውስጥ ሲገባ ያ ሁሉ ያበቃለታል። ወጥ ቤቴ የገባች አንዲት የከተማ ልጅ ጥሬውን በባዶ እጇ አፍሳ ስታለቅስ ዋለች፤ ከዚያ በኋላ ሳማ የሚለውን ስም ስትሰማ ትሸሽ ነበር። ቀቅዬ ከድስቱ አውጥቼ በባዶ እጄ ጨምቄ፣ ጭማቂው በክንዴ ሲወርድ ነው ያሳየኋት። ዛሬ የምትጨምቀው እሷ ናት።

ጥፋቱ ሁሌም ከአለቃቀሙና ከአበሳሰሉ ነው። የሚለቀመው ከላይ ያለው ለጋ ቅጠል ብቻ፣ ሳያብብ ነው። ያረጀው ጥርስ ላይ አሸዋ አሸዋ ይላል፤ ያንን በልቶ ሳማን የሚሰድብ ብዙ ነው። ጊዜው ክረምት ነው፤ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ሲገባ በየአጥሩ ለምልሞ ይጠብቃል። ጓንት ከሌለ እጃችሁን በፌስታል ጠቅልሉ። ሳማ ፍግ ይወዳል፤ ስለዚህ ከሁሉ አምሮ የምታዩት ከመጸዳጃ ጀርባ ነው። እሱን እለፉት! የመንገድ ዳርና የፍሳሽ ቦይ አጠገብ ያለውንም እለፉት።

ጨው ባለበት በፈላ ውሃ ጥቂት ደቂቃ ቀቅሉ፣ ጨምቁ፣ አድቅቃችሁ ክተፉ። በቁሌቱ ላይ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ፣ ከዚያ ሳማው፤ እያማሰላችሁ ትንሽ የገብስ ወይም የባቄላ ዱቄት ብትነሰንሱበት ያያይዘዋል። ዱቄቱ ሳይበስል ያወጣችሁት እንደሆነ ጥሬ ጥሬ ይሸታችኋል፤ ያኔ ደግሞ ሳማው ነው ይባላል።

የድሀ ለሚለው፦ ይህ የኛ ሳማ በተፈጥሮው ከኢትዮጵያ ሌላ የትም አይበቅልም። ካልሲየምና ብረት አለው። ከጓሮው በነፃ ያገኘውን ንቆ፣ ከገበያ የጠወለገ ቆስጣ በውድ የሚገዛን ሰው እኔ ሀብታም አልለውም።

የመጨረሻው፣ አደገኛውም ይኼ ነው፦ «ምሬት ሲቀቀል ይለቃል።»

ግብጦ በሚባለው መራራ ጥራጥሬ ላይ እውነት ነው፤ እሱም በመቀቀል ብቻ አይደለም። ውሃው እየተቀየረ ለቀናት ተዘፍዝፎ ነው መራራው የሚወጣው፣ ምክንያቱም በውሃ ይሟሟል። ጎጃሜ ይህን ስለሚያውቅ ሁሉንም መራራ እንደ ግብጦ ያየዋል። መራራ ቅልና መራራ ዱባ ግን እሳት አይበግራቸውም። ሦስት ውሃ ብትቀይሩላቸውም ያስታውካሉ፣ ሆድ ያስቀምጣሉ። ከመክተፋችሁ በፊት ቁራጭ ታህል ቆርጣችሁ ምላሳችሁ ላይ አስነኩ፤ ከመረረ ትፉትና ሙሉውን ጣሉት። በርበሬ ጨምሬ አጠፋዋለሁ አትበሉ።