ጡረታ ወጥተው ሚሽን የሚሄዱ ባልና ሚስት ውሏቸው ምን ይመስላል

ነጭ ሸሚዝና ክራቫት አድርገው ጥቁር የስም ባጅ ደረታቸው ላይ ለጥፈው ሁለት ሁለት ሆነው የሚሄዱ ወጣት ሚሽነሪዎችን ብዙ ሰው ያውቃል፣ ሞርሞን የሚባሉት ናቸው (ራሳቸው ከ2018 ወዲህ የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ብላችሁ በሙሉ ስማችን ጥሩን ነው የሚሉት፣ ዓመተ ምህረቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ያንኑ ባጅ ያደረጉ ፀጉራቸው የሸበተ ባልና ሚስቶች እንዳሉ ነው። ሲኒየር ሚሽነሪ ይባላሉ፣ ልጆቻቸውን አሳድገው ጨርሰው ጡረታ ወጥተው ቤታቸውን ቆልፈው ወይ አከራይተው የሚመጡ ናቸው።

አጠራራቸው ራሱ ለኛ ሰው ያስቃል። ባልየው ኤልደር ነው የሚባለው፣ ሽማግሌ እንደማለት ነው፣ ችግሩ የ18 ዓመቱም ጎረምሳ ኤልደር ነው። ሚስትየዋ ደግሞ ሲስተር ናት፣ እኛ ሀገር ሲስተር ከተባለች ነርስ ስለሆነች መርፌ ትወጊያለሽ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ቢመጣ አይገርምም።

ማን ይሄዳል ለሚለው፣ ጤናቸው የሚፈቅድና ቤታቸው የሚያሳድጉት ልጅ የሌላቸው ጥንዶች ናቸው። ቆይታው ከ6 ወር እስከ 23 ወር ነው። ደሞዝ የለም፣ እንደውም ወጪውን ራሳቸው ነው የሚችሉት፣ የቤት ኪራዩን ምግቡን የጤና ኢንሹራንሱን ሁሉ። በ2011 ግን የቤት ኪራይ ለአንድ ጥንድ በወር ከ1,400 ዶላር በላይ ከሆነ ትርፉን ቤተክርስቲያኑ እንዲሸፍን ተወሰነ፣ ምክንያቱም ውድ ከተማ የተመደበ ሰው ኪራዩ ብቻ ጡረታውን ይጨርሰዋል። ውጭ ሀገር ሆኖ ከ18 ወር በታች የሚያገለግል ደግሞ ትኬቱንም ከኪሱ እንዲቆርጥ ነው በዛው ጊዜ የተባለው።

ከመሄዳቸው በፊት ብዙዎቹ አሜሪካ ዩታ ግዛት ፕሮቮ ከተማ አንድ ሳምንት ገደማ ስልጠና ይወስዳሉ። አዲስ ቋንቋ የሚማሩት ወጣቶች እዛ ሳምንታት ነው የሚቀመጡት፣ ትልልቆቹን ግን ቋንቋ ካልቻላችሁ የሚላቸው የለም፣ ሰላምታና ስንት ነው ማለት ከቻሉ ገበያ ይወጣሉ።

ወጣቶቹ በአብዛኛው ከጠዋቱ 12፡30 ተነስተው ቀኑ በሰዓት ተሸንሽኖላቸው ነው የሚውሉት፣ ሽማግሌዎቹ ፕሮግራማቸውን ራሳቸው ያወጣሉ፣ በር እያንኳኩ መስበክም ግዴታቸው አይደለም። ታዲያ ምን ይሰራሉ ካላችሁ፣ ሰው ሚሽነሪ ሲባል የሚያስበው ስብከት ነው እንጂ የነሱ ስራ አብዛኛው ቤት እንደማስተዳደር ነው። ሚሽን ቢሮ (የአካባቢውን ሚሽነሪዎች የሚያስተዳድረው ቢሮ) የተመደቡት ለምሳሌ የወጣቶቹን ቪዛና የመኖሪያ ፈቃድ ያሳድሳሉ፣ ከቤት አከራይ ጋር ውል ይዋዋላሉ፣ መኪና ጋራዥ ያስገባሉ፣ ሂሳብ ይዘጋሉ። የወጣቶቹን ቤት እየዞሩም ያያሉ፣ የጭስ ማስጠንቀቂያው ይሰራል ወይ፣ ውሃ ማጣሪያው ተቀይሯል ወይ፣ እቃውስ ታጥቧል ወይ (ይሄኛው መልሱ ይታወቃል)። ማታ ደግሞ ቤቱ ናፍቆት የከፋው ልጅ እነሱ ጋር መጥቶ እራት ይበላል፣ እኔን ብትጠይቁኝ ከስራቸው ሁሉ ትልቁ ይሄ ነው።

በእርዳታ ስራ የተመደቡትም አሉ። ዊልቸር ማደል፣ የውሃ ጉድጓድ፣ ሲወለዱ መተንፈስ ላቃታቸው ጨቅላዎች የሚሰጠውን እርዳታ ለአዋላጆች ማሰልጠን የመሳሰሉት ናቸው፣ የዊልቸሩ በ2001 የጨቅላዎቹ በ2003 ነው የተጀመረው። ፎቶው ላይ ስጦታ ሲሰጡ ነው የሚታየው እንጂ ቀናቸው የሚያልቀው ከሀገር ውስጥ ድርጅት ጋር ስብሰባ በመቀመጥ፣ ፕሮፖዛል በመጻፍና እቃው ለታለመለት ሰው ደረሰ ወይ ብሎ በመከታተል ነው። በነገራችን ላይ የዚህ የእርዳታ ክንፍ ታሪክ እኛን ይነካል፣ በ77ቱ ድርቅ ጊዜ ጥር 27 ቀን 1985 አባላቱ ጾመው የምግባቸውን ዋጋ እንዲያዋጡ ተደርጎ ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰብስቧል፣ የዛሬው ሰፊ የእርዳታ ስራቸው መነሻውን ከዛ ነው የሚቆጥሩት።

ሌሎቹ ቤተመቅደስ ውስጥ ያገለግላሉ (ቤተመቅደስ የሚሉት ከእሁዱ ጸሎት ቤት የተለየ፣ ልዩ ሥርዓት የሚፈጸምበት ሕንፃ ነው)፣ ናይሮቢ በ2025 አንድ ተመርቋል፣ ከዛ በፊት ኬንያ ያለ አባል ጆሃንስበርግ ድረስ ነበር የሚሄደው። ሐኪም የነበሩት የወጣቶቹን ጤና በስልክ ይከታተላሉ፣ መምህራን የነበሩት ያስተምራሉ። እሁድ ሁሉም ጸሎት ይሄዳል፣ ከ2019 ወዲህ ፕሮግራሙ 2 ሰዓት ብቻ ሆኗል፣ ትንንሽ ጉባኤ ላይ ኪቦርድ የሚነካ ሰው ከሌለ ሲስተሯ ትነካለች፣ ከዛ ልጆቹ አስተምሪን ይሏታልና የሳምንቱ ከሰዓቶቿ በዛው ይሄዳሉ።

ቡና አይጠጡም፣ ሻይም አልኮልም እንደዛው፣ ከ1833 ጀምሮ ያለ ትምህርታቸው ነው። ይሄ ነገር አዲስ አበባ ለተመደበ ጥንድ ቀላል ፈተና አይደለም፣ ቄጤማ ተጎዝጉዞ ጀበና ተጥዶ እስከ በረካ ጠብቁ በሚባልበት ቤት ፈንዲሻውን እየበሉ ሲኒውን ይቅርታ ብሎ መመለስ ማለት ነው፣ ለማያውቅ ሰው ደግሞ ንቀት ይመስለዋል፣ ስለዚህ ቀድሞ ማስረዳት ነው የሚያዋጣው።

ከሁሉ የሚከብደው ናፍቆቱ ነው። የኛ እናቶች የልጅ ልጅ ሊይዙ አሜሪካ ይሄዳሉ፣ እነዚህ ደግሞ የልጅ ልጃቸውን አሜሪካ ትተው ወደዚህ ይመጣሉ። እነሱ በሌሉበት ሰርግ ይደገሳል ልጅ ይወለዳል፣ ወንድም የሞተበትም በቪዲዮ ነው ቀብር የሚያየው። ደግነቱ ስልክ ለመደወል ገደብ የለባቸውም፣ ምስራቅ አፍሪካ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን ዩታ ገና ረፋድ ስለሆነ ከእራት በኋላ ስልኩ ይደወላል፣ መብራት ካልጠፋ ኔትወርኩም ካልተቆራረጠ ማለት ነው። የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት ጉዳይም አለ፣ ለወራት የሚሆን ይዘው ነው የሚመጡት።

ሲጨርሱ ሀገራቸው ተመልሰው የአካባቢያቸው መሪ በይፋ እስኪያሰናብታቸው ድረስ ባጁን አያወልቁም፣ ከዛ ትንሽ አርፈው ሁለተኛ ሦስተኛ ሚሽን የሚጠይቁም አሉ። እዚህ የነበሩበት ቤት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከነድስቱ ከነብርድ ልብሱ ለሚተኳቸው ጥንዶች ይተላለፋል፣ ፍሪጁ ላይ ጥሩ ቲማቲም የት እንደሚገኝና የቧንቧ ሰራተኛው ስልክ ስንት እንደሆነ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፎበት።