ሴት ዲያቆን ምን ትሠራ ነበር?

ጳውሎስ የክንክራኦሷን ፌቤንን የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ (በግሪክኛው «ዲያቆኖስ») ይላታል። «ሴት ዲያቆን» የሚለው ማዕረግ ግን ብዙ ሰው ግር ያሰኛል። ትቀድስ ነበር ማለት ነው?

አይደለም። ሥራዋ በደንብ የሚታየው ጥምቀት ላይ ነው። በ3ኛው መቶ ዘመን ሶርያ አዋቂ ሴቶች ልብሳቸውን አውልቀው ይጠመቁ ነበር። ጳጳሱ አናታቸውን ብቻ ቅብዐት ይቀባል። ገላቸውን የምትቀባው ሴት ዲያቆኗ ናት፤ ወንድ ቢቀባማ ነውር ነው። ከውኃው ሲወጡ ተቀብላ ታስተምራቸዋለች። የታመመች ሴት ካለችም ቤቷ ድረስ ሄዳ ታጥባታለች።

በዚያው ዘመን የተጻፈው የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት መጽሐፍ፣ ዲድስቅልያ፣ «በመንፈስ ቅዱስ ምሳሌ አክብሯት» ይላል። ይህ ቀላል ክብር አይደለም! በሱርስት፣ ማለትም በሶርያ ክርስቲያኖች ቋንቋ፣ «መንፈስ» የሚለው ቃል በሴት ጾታ ይነገር ስለነበር ለሰሚው እንግዳ አልሆነበትም። አምላክ ሴት ነው ማለታቸው ግን አልነበረም።

የኬልቄዶን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ451 ሴት ዲያቆን ከ40 ዓመት በታች እንዳትሾም ደንግጓል።