የአሜሪካ ቤተሰቦች የመብራት ዋጋ ከቦታ ቦታ የሚለያየው ለምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በ2024 አንድ የአሜሪካ ቤተሰብ ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ በአማካይ የከፈለው 16 ሳንቲም ተኩል ገደማ ነበር። በዚህ አማካይ ዋጋ በትክክል የሚከፍል ሰው ማግኘት ግን ይከብዳል። በዚያ ዓመት በዋሽንግተን ግዛትና በአይዳሆ ዋጋው 12 ሳንቲም አካባቢ ነበር፤ በካሊፎርኒያ ከ30 ሳንቲም ያልፍ ነበር፤ በሃዋይ ደግሞ ከ40 ያልፍ ነበር። አገሩ አንድ፣ ገንዘቡ አንድ፣ አምፖሉም ያው ሆኖ ዋጋው ከሦስት እጥፍ በላይ ይራራቃል።

ከኢትዮጵያ ለሄደ ሰው ነገሩ እንግዳ ነው። በኢትዮጵያ የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በመላ አገሪቱ አንድ ነው። የሚለየው በፍጆታ እርከን እንጂ ቆጣሪው ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ በመተከሉ አይደለም። ለማመንጫው የቀረበውም የራቀውም በአንድ ታሪፍ ስለሚከፍል፣ የርቀቱ ወጪ በሁሉም ደንበኞች ላይ ይከፋፈላል። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ አገር አቀፍ ታሪፍ የለም። ያሉት ወደ 3,000 የሚጠጉ የኤሌክትሪክ አገልግሎት ድርጅቶች ናቸው። ከእነዚህ 2,000 ያህሉ የከተማ አስተዳደሮችና ሌሎች የሕዝብ ድርጅቶች ሲሆኑ፣ ከ800 በላይ የሚሆኑት ደግሞ የገጠር ኅብረት ሥራ ማኅበራት ናቸው። የባለአክሲዮኖች ኩባንያዎች ከ200 አይበልጡም፤ ነገር ግን ከአሥር ደንበኞች ሰባቱን ያህል የሚያገለግሉት እነሱ ናቸው። ሁሉም የየራሳቸው ምሰሶ፣ የየራሳቸው ዕዳ፣ የየራሳቸው ታሪክ አላቸው። ዛሬ የሚከፈለው ዋጋ በአመዛኙ ከ50 ወይም ከ80 ዓመት በፊት በተወሰኑ ውሳኔዎች የተቀረጸ ነው፤ የዛሬው ሥራ አስኪያጅ ጉብዝና ወይም ስንፍና የሚጨምረውና የሚቀንሰው በዚያ ላይ ነው።

በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ቤተሰብ በየወሩ ከአካባቢው የኤሌክትሪክ ኩባንያ ከፔፕኮ የሚደርሰውን ሂሳብ ገልጦ ቢያነበው ክፍያው ተከፋፍሎ ያገኘዋል። አንዱ ክፍል የኃይሉ የራሱ ዋጋ ነው። ሌላው ኃይሉ በከፍተኛ ቮልቴጅ መስመር ከማመንጫ እስከ ከተማ የተጓጓዘበት ነው። ሦስተኛው ከከተማው ማከፋፈያ ጣቢያ እስከ ቤቱ ድረስ ያለው የምሰሶ፣ የትራንስፎርመር፣ የሽቦና የቆጣሪ ወጪ ነው። በዚህ ላይ ምንም ባይጠቀምም የሚከፍለው ወርኃዊ ቋሚ ክፍያ፣ ግብርና ግዛቱ በሕግ የጣላቸው መዋጮዎች አሉ። ዋጋ ጨመረ ሲባል መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የትኛው ክፍል እንደጨመረ ነው። መንስኤያቸውም መፍትሔያቸውም የተለያየ ነውና።

የመስመሩን ክፍያ ኩባንያው በራሱ ፈቃድ አይጨምርም። የግዛቱን የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽን ማስፈቀድ አለበት። ኮሚሽኑ ኩባንያው ለሥራ ያዋለውን ሀብት ይገመግማል፤ ከዚያም በዚያ ሀብት ላይ የሚያገኘውን ትርፍ ይወስናል። በቅርብ ዓመታት ኮሚሽኖች ለባለአክሲዮኖች ድርሻ የሚፈቅዱት ትርፍ በአብዛኛው ከ9 እስከ 10 በመቶ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ደንበኞች የማያውቁት ነገር አለ። ብዙውን ጊዜ የነዳጅ ወጪ በቀጥታ ወደ ደንበኛው ይተላለፋል እንጂ ኩባንያው አያተርፍበትም። የሚያተርፈው በገነባው ላይ ነው። ስለዚህ የባለአክሲዮኖች ኩባንያ ብዙ የመገንባት ፍላጎት ሁልጊዜም አለው። ግንባታው የሚያስፈልግ መሆን አለመሆኑን በቁጥር የሚሞግት ብርቱ ኮሚሽን ያለበት ግዛትና የሌለበት ግዛት ውጤታቸው አንድ አይሆንም።

ተፈጥሮ የሰጠው ነገር ልዩነቱን በግልጽ የሚያሳየው በአሜሪካ ሰሜን ምዕራብ ነው። የኮሎምቢያ ወንዝ ከተራሮች በረዶ የሚጠራቀም ውኃ ይዞ ይወርዳል። የፌዴራሉ መንግሥት በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን በዚህ ወንዝ ላይ ግዙፍ ግድቦችን ሠራ፤ የቦነቪል ግድብ በ1938 ኃይል መስጠት ጀመረ፣ ግራንድ ኩሊ ደግሞ በ1941። ኃይሉን የሚሸጠው የቦነቪል ኃይል አስተዳደር የተቋቋመው በ1937 ሲሆን፣ ሕጉ ቅድሚያውን ለሕዝብ ድርጅቶችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ሰጠ፤ ሽያጩም ትርፍ ሳይታሰብበት በወጪው ልክ እንዲሆን ተደረገ። ሲያትል ደግሞ ከዚህ ኃይል ገዥነቷ በተጨማሪ ከሃያኛው መቶ ዘመን መባቻ ጀምሮ የራሷን የውኃ ኃይል ማመንጫዎች የገነባች ከተማ ናት። ለውኃ የነዳጅ ሂሳብ አይከፈልም፤ ለግንባታው የወጣው ገንዘብም አብዛኛው ከተመለሰ ቆይቷል። በሲያትልና በአካባቢዋ የሚኖሩ ቤተሰቦች የአያቶቻቸውን ዘመን ቁጠባ እየበሉ ነው ማለት ይቻላል። በረዶው ሳስቶ ወንዙ በሚጎድልበት ዓመት ግን ኃይል ከገበያ መገዛት ስላለበት ሂሳቡ ከፍ ይላል።

ሃዋይ የዚህ ተቃራኒ ነች። ወንዝ የሚባል ወንዝ፣ ከሰል ወይም ጋዝ የላትም፤ ከዋናው አገር ጋር የሚያገናኛት መስመርም የለም። ደሴቶቹ እርስ በርሳቸው እንኳን በኤሌክትሪክ አልተያያዙም። እያንዳንዱ ደሴት የራሱን መጠባበቂያ ማመንጫ ይዞ መቆም አለበት፤ ለረጅም ዘመን የተቃጠለውም በመርከብ የሚመጣ ዘይት ነው። የዓለም የዘይት ዋጋ ሲንር ሂሳቡም ወዲያው አብሮ ይንራል። ከደሴቶቹ አንዷ ካዋይ ግን የተለየ መንገድ ይዛለች። ነዋሪዎቿ በ2002 የኤሌክትሪክ ኩባንያውን ገዝተው ኅብረት ሥራ ማኅበር አደረጉት፤ ማኅበሩም በፀሐይ ኃይልና በባትሪ ላይ አጥብቆ ሠርቶ ዛሬ ከግማሽ በላይ የሆነውን ኃይል ከታዳሽ ምንጭ ያገኛል።

በሰሜን ምሥራቅ ጥግ ባሉት የኒው ኢንግላንድ ግዛቶች ኤሌክትሪኩ በአብዛኛው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው፤ ጋዙ ግን ከሩቅ በቧንቧ የሚመጣ ነው። በክረምት ያው ቧንቧ ለቤት ማሞቂያም ስለሚፈለግ ይጨናነቃል፤ የጎደለው በመርከብ በሚመጣ ፈሳሽ ጋዝ ይሞላል። የማሳቹሴትስ ዋጋ ከካሊፎርኒያ ጋር የሚፎካከረው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

የካሊፎርኒያ ጉዳይ ለብቻው መታየት አለበት፤ ፀሐይ ሞልቶ በተረፈበት ግዛት ሕዝቡ ከአገሪቱ ውድ ከሚባሉት ዋጋዎች አንዱን ይከፍላልና። ችግሩ በዋናነት ከኃይሉ አይደለም፤ ከሽቦው ነው። በኅዳር 2018 ፓራዳይዝ የተባለችውን ከተማ ያጋየና 85 ሰዎችን የገደለ እሳት የተነሣው ፒ ጂ ኤንድ ኢ ከተባለው የግዛቱ ትልቅ የኤሌክትሪክ ኩባንያ ያረጀ የማስተላለፊያ መስመር ነበር። ኩባንያው በጥር 2019 ኪሳራ ውስጥ መግባቱን ለፍርድ ቤት አመለከተ፤ በ2020 ደግሞ በ84 ሰዎች ሞት ጥፋተኛነቱን አመነ። ከዚያ ወዲህ በመስመር ዳር ያሉ ዛፎችን መመንጠር፣ ምሰሶ መቀየርና ሽቦ መሬት ውስጥ መቅበር ትልቁ ወጪ ሆነ። በ2021 ይፋ የተደረገው ዕቅድ 10,000 ማይል መስመር የመቅበር ነበር፤ አንዱ ማይል ብቻ ወደ 3 ሚሊዮን ዶላር ይፈጃል። ይህ ሁሉ የሚከፈለው ከደንበኛው ኪስ ነው። በጣሪያቸው ላይ የፀሐይ ሰሌዳ የተከሉ ቤቶች ከመስመር የሚገዙት ሲቀንስ፣ የመስመሩ ቋሚ ወጪ ሰሌዳ ወደሌላቸው፣ በተለይ ወደ ተከራዮች፣ ይዞራል የሚል ሙግትም አለ፤ የሰሌዳ ባለቤቶች ደግሞ ለግዛቱ ያተረፍነው ይቆጠርልን ይላሉ።

ፒ ጂ ኤንድ ኢ በሚያገለግለው አካባቢ መካከል ግን የካሊፎርኒያ ዋና ከተማ ሳክራሜንቶ አለች፤ ነዋሪዎቿ የሚከፍሉት ዋጋ በግማሽ ገደማ ያነሰ ነው። ሕዝቡ የራሱን የኤሌክትሪክ ድርጅት ለማቋቋም ድምፅ የሰጠው በ1923 ነበር። ከነባሩ ኩባንያ ጋር በተደረገው ረጅም የፍርድ ቤት ክርክር ምክንያት አገልግሎቱ የተጀመረው ግን በ1946 ማብቂያ ነው። ድርጅቱ ትርፍ የሚያካፍለው ባለአክሲዮን የለውም፤ የሚበደረውም ግብር በማይከፈልበት ቦንድ ርካሽ ሆኖ ነው። ሕዝባዊ ባለቤትነት ለቤተሰብ ኪስ የሚበጅ መሆኑን ለሚከራከር ሰው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም፤ እኔም ማስረጃው ከባድ ነው ባይ ነኝ። ሆኖም ሳክራሜንቶ ሜዳ ላይ ያለች፣ ቤቶቿ የተቀራረቡ ከተማ መሆኗን መርሳት ግፍ ነው። ጫካና ተራራ አቋርጦ የሚዘረጋው አደገኛ መስመር በአብዛኛው የቀረው ለጎረቤቷ ለፒ ጂ ኤንድ ኢ ነው።

ርቀት ዋጋ እንዳለው ገጠሩ ይመሰክራል። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ከአሥር የአሜሪካ ገበሬ ቤቶች ዘጠኙ መብራት አልነበራቸውም፤ ኩባንያዎቹ መስመሩ አያዋጣንም ብለው ትተዋቸው ነበር። በ1936 የወጣው የገጠር ኤሌክትሪክ ሕግ ለኅብረት ሥራ ማኅበራት በዝቅተኛ ወለድ ብድር ሰጥቶ ሥራውን በገበሬዎቹ እጅ አደረገው። ዛሬም እነዚህ ማኅበራት በአንድ ማይል መስመር ላይ ያላቸው ደንበኛ በአማካይ 8 ገደማ ነው፤ የከተማ ድርጅት በዚያው ርዝመት ብዙ እጥፍ ደንበኞች አሉት። ምሰሶው በስንት ቤት እንደሚካፈል አስቦ ማየት ነው።

ገበያው ክፍት ይሁን ወይስ በአንድ ድርጅት እጅ ይቆይ የሚለው ሌላው መለያያ ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በፖቶማክ ወንዝ ግራና ቀኝ ይህ በቅርብ ይታያል። በቨርጂኒያ በኩል፣ አሌክሳንድሪያ ያለው ቤተሰብ ከዶሚኒየን ኢነርጂ ውጭ ምርጫ የለውም ማለት ይቻላል፤ ኩባንያው ራሱ ያመነጫል፣ ራሱ ያከፋፍላል። ሜሪላንድ ግን በ1999 ባወጣችው ሕግ ኃይል መሸጥን ከመስመር ባለቤትነት ለየች። መስመሩ የፔፕኮ ሆኖ፣ ደንበኛው ኃይሉን ከሌላ ሻጭ መግዛት ይችላል፤ ካልመረጠ ኮሚሽኑ በሚቆጣጠረው መደበኛ አቅርቦት ይቀጥላል። ቴክሳስም በጥር 2002 ገበያውን ከፈተች። ዳላስ ውስጥ ያለ ሰው ከብዙ ሻጮች ያማርጣል፤ ጎረቤቷ ጋርላንድ ግን ከ1923 ጀምሮ የራሷ የከተማ ድርጅት ስላላት በርካታ ነዋሪዎቿ ምርጫ ውስጥ አይገቡም።

ምርጫው ለሁሉም አልበጀም። በቴክሳስ በየካቲት 2021 ውርጭ የጅምላ ዋጋው ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 9 ዶላር ሲደርስ፣ ውላቸው ከጅምላ ገበያ ጋር የታሰረ ቤተሰቦች የሺህ ዶላሮች ሂሳብ መጣባቸው፤ ግዛቱም እንዲህ ያለውን ውል ለመኖሪያ ቤት ከለከለ። በሜሪላንድ በር ለበር የሚዞሩ ሻጮች የመጀመሪያዎቹን ወራት በቅናሽ ዋጋ አሳይተው ሲያስፈርሙ፣ ዋጋው በኋላ ከመደበኛው በላይ ሲወጣ ኖሯል። በዚህ ክፉኛ የተጎዱት አረጋውያን፣ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸውና እንግሊዝኛ በቅጡ የማያነቡ ስደተኞች መሆናቸው በእጅጉ ያሳዝናል። በ2024 የወጣ የግዛቱ ሕግ የመኖሪያ ቤት ውል ከአንድ ዓመት እንዳይበልጥና ዋጋውም ካለፉት 12 ወራት መደበኛ አቅርቦት አማካይ እንዳያልፍ ገድቧል። በር የሚያንኳኳ ሻጭ ሂሳቡን አሳዩኝ ሲል አለማሳየት ይሻላል፤ ቤተሰቡን ወደ ሌላ ሻጭ ለማዛወር የሚያስፈልገው የደንበኛ ቁጥር እዚያ ላይ ተጽፏልና።

ዋጋና ሂሳብ አንድ አለመሆናቸውም መታወቅ አለበት። በሉዊዚያና አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 12 ሳንቲም አካባቢ ነው፤ ነገር ግን በሙቀቱ የተነሣ የአየር ማቀዝቀዣው ሌት ተቀን ስለሚሠራ አንድ ቤት በወር በአማካይ 1,200 ያህል ኪሎ ዋት ሰዓት ይጨርሳል፤ ወጪው 140 ዶላር ይጠጋል። የሃዋይ ቤት ከዚህ ግማሹን እንኳን የማይሞላ ፍጆታ ይዞ ከ200 ዶላር በላይ ይከፍላል። ልዩነቱ አለ፤ የዋጋ ሠንጠረዡ እንደሚያስፈራው ያህል ግን አይደለም።

አሁን ዋጋውን ወደ ላይ እየገፋ ያለው አዲስ ነገር የዳታ ማዕከል፣ ማለትም እጅግ ብዙ ኮምፒውተሮች ሌት ተቀን የሚሠሩበት ሕንፃ፣ ነው። በዓለም ከፍተኛው ክምችት የሚገኘው በሰሜን ቨርጂኒያ፣ በሎደን ካውንቲ ነው። ሜሪላንድንና ቨርጂኒያን ጨምሮ 13 ግዛቶችንና ዋሽንግተን ዲሲን የሚያስተሳስረው የኤሌክትሪክ መረብ አስተዳዳሪ ፒ ጄ ኤም፣ ማመንጫዎች ለከፍተኛ ፍላጎት ጊዜ ዝግጁ ሆነው እንዲጠብቁ በጨረታ ይከፍላቸዋል። በሐምሌ 2024 በተደረገው ጨረታ የአንድ ሜጋ ዋት የቀን ክፍያ ከ28.92 ዶላር ወደ 269.92 ዶላር ተተኮሰ፤ ጭማሪውም ከሰኔ 2025 ጀምሮ በየቤቱ ሂሳብ ላይ ታየ። ማመንጫ የሌላቸውና ኃይሉን ከገበያ የሚገዙት የሜሪላንድ ኩባንያዎች ደንበኞች በቀጥታ ተመቱ፤ በቨርጂኒያ ዶሚኒየን የራሱ ማመንጫዎች ስላሉት ጫናው በተወሰነ ደረጃ ረገብ ብሎ ደረሰ። ለእነዚህ ማዕከላት የሚዘረጋውን መስመር ማን ይክፈል የሚለው ጥያቄ አሁን በየኮሚሽኑ ጠረጴዛ ላይ ነው። የኦሃዮ ኮሚሽን በሐምሌ 2025 በሰጠው ውሳኔ፣ ኤ ኢ ፒ ኦሃዮ በሚያገለግለው አካባቢ የሚተከሉ ትልልቅ አዳዲስ የዳታ ማዕከላት ይገባናል ብለው ካስያዙት ኃይል ቢያንስ የ85 በመቶውን፣ ባይጠቀሙበትም እንኳን፣ እስከ 12 ዓመት እንዲከፍሉ አዟል።