ቀላል የአደን ጠመንጃ ምንድን ነው?

በሰሜን ሸዋ ጠመንጃ ማንገት ለብዙ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ሆኖም ከአባት ለልጅ ሲወርድ የኖረው ምንሽር ለጦር ሜዳ የተሠራ፣ ረጅምና ባዶውን ወደ 4 ኪሎ የሚጠጋ መሣሪያ ነው። ቀላል የአደን ጠመንጃ የሚባለው ግን ያለ ጥይትና ያለ ማነጣጠሪያ መነጽር ሲመዘን ከ3 ኪሎ የማያልፍ፣ ለረጅም ጉዞና ለጥቂት ተኩስ ታስቦ የተሠራ ጠመንጃ ነው። የአሜሪካው ጠመንጃ አምራች ዊንቸስተር በ1952 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያቀረበው ሞዴል 70 ፌዘርዌት የዚህ ዓይነቱ ጠመንጃ የታወቀ ምሳሌ ነው።

አዳኝ ቀኑን ሙሉ ተጉዞ አንዲት ጥይት ብቻ ሊተኩስ ይችላል፤ ጭራሽ ሳይተኩስ የሚመለስበትም ቀን ብዙ ነው። ጠመንጃው ግን ከንጋት እስከ ምሽት ከትከሻው አይወርድም። ከደብረ ሲና ተነሥቶ የጣርማበርን ዳገት በእግሩ ለወጣ ሰው የግማሽ ኪሎን ልዩነት ማስረዳት አያሻም። (አደን በፈቃድ ብቻ የሚካሄድ ነው፤ መሣሪያ መያዝም በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚገዛ ነው። የመንዝ ጓሳ ቀይ ቀበሮና ጭላዳም የሚጠበቁ እንጂ የሚታደኑ አይደሉም።)

መቅለሉ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ጥይቱ ያው እስከሆነ ድረስ ወደ ኋላ የሚገፋው ኃይል አይቀንስም፤ ጠመንጃው በቀለለ ቁጥር ወደ ትከሻ የሚመጣው በበለጠ ፍጥነት ነው። ስለዚህ 4 ኪሎ የነበረው ወደ 3 ኪሎ ሲወርድ ትከሻ ላይ የሚያርፈው የምት ጉልበት በሲሶ ይጨምራል። ተኳሹ ምቱን ፈርቶ ቃታ ሲስብ ዐይኑን መጨፈን ከጀመረ ደግሞ ጠመንጃው የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ዒላማውን ይስታል። በዚህም ምክንያት ለቀላል ጠመንጃ የሚስማማው እንደ 7 በ57 ማውዘር ወይም እንደ .308 ዊንቸስተር ያለ መካከለኛ ጥይት ነው፤ ማግነም የሚባሉትን ኃይለኛ ጥይቶች በ3 ኪሎ ጠመንጃ መተኮስ በእኔ አስተያየት ገንዘብ ከፍሎ ዱላ መግዛት ነው።

ገዢ ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ክብደቱ ከየትኛው ክፍል እንደተቀነሰ ነው። በርሜሉን በማቅጠን የተገኘ ቅለት ተከታትሎ ሲተኮስ ችግሩ ይገለጣል፤ ቀጭን በርሜል ቶሎ ስለሚግል ጥይቱ የሚያርፍበት ቦታ ሊሸሽ ይችላል። በርሜሉን በማሳጠር የተገኘ ከሆነ ደግሞ በየ2.5 ሴንቲ ሜትሩ ከጥይቱ ፍጥነት በሰከንድ ከ6 እስከ 9 ሜትር ገደማ ይጎድላል፤ ድምፁም ይበረታል፤ ከሁሉ የሚብሰው ግን አፈሙዙ ከመጠን በላይ ቀልሎ ዳገት ወጥቶ በሚያለከልክ ሰው እጅ አልረጋ ማለቱ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ባለ ደጋ ትንፋሽ ቶሎ አይመለስምና ይህ የሚናቅ ጉዳይ አይደለም። የተሻለው መንገድ ሰደፉንና የእንጨቱን ክፍል ማቅለል ነው። አሜሪካዊው ጠመንጃ ሠሪ ሜልቪን ፎርብስ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. እንጨቱን ኬቭላር በሚባል ጠንካራ ሰው ሠራሽ ክርና በካርቦን ክር ውሕድ ተክቶ፣ በርሜሉን ሳያመነምን 2 ኪሎ ተኩል ገደማ የሚመዝን ጠመንጃ መሥራት እንደሚቻል አሳይቷል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው መነጽሩን ነው። በውድ ዋጋ የተቀነሰውን ግማሽ ኪሎ አንድ ትልቅ መነጽር ከነማሰሪያው መልሶ ይጭነዋል፤ ክብደቱም ከላይ ስለሚያርፍ ሚዛኑን ያዛባዋል። ስለሆነም ጠመንጃው መመዘን ያለበት መነጽሩ፣ ማንገቻውና ጥይቱ ተሟልቶለት ነው። ሲሞከርም በአንድ ጊዜ ሃያ ጥይት ከማንደቅደቅ ይልቅ በርሜሉ በየመሐሉ ሙሉ በሙሉ እየበረደ ሦስት ጥይት ብቻ ተኩሶ፣ ሦስቱ ተቀራርበው ማረፋቸውን ማየት ይበቃል።