ወንጌል ላይ እጅ ጭኖ መዋሸት

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣

ሰሞኑን ከትምህርት በኋላ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ተነሣ። «ጌታ ከቶ አትማሉ ብሏል። ታዲያ ፍርድ ቤት ምስክር ሆኜ መማል ኃጢአት ነው ወይ?» ጥሩ ጥያቄ ነው። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔን እንቅልፍ የሚነሣኝ ሌላ ነው። ቅዳሴ የማያስታጉል፣ ጾም የማይሽር ሰው «ለወንድሜ ብዬ ነው» እያለ ያላየውን አየሁ ብሎ ይምላል። እሑድ ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ ያስቀድሳል።

ጥያቄውን ባጭሩ ልመልስ። ጌታችን በሸንጎ ፊት ሲከሰስ ዝም ብሎ ነበር። ሊቀ ካህናቱ «በሕያው እግዚአብሔር አምልሃለሁ» ሲለው ግን መለሰ፤ መልሱ እንደሚያስገድለው እያወቀ። ቅዱስ ጳውሎስም በመልእክቶቹ እግዚአብሔርን ምስክር አድርጎ ይጠራል። ከዚህ ተነሥተው ዳኛ ፊት እውነት ለመናገር መማል አይከለከልም የሚሉ መምህራን አሉ። ጨርሶ አንምልም ያሉ ክርስቲያኖችም ነበሩ። በእንግሊዝ አገር ኩዌከሮች የሚባሉ የክርስቲያን ማኅበር አባላት በዚህ ምክንያት ብዙ ታስረዋል፤ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ በመሐላ ፈንታ የማረጋገጫ ቃል እንዲሰጡ ሕግ ወጣላቸው። ዛሬም በብዙ አገሮች ሕሊናው መሐላን የማይፈቅድለት ምስክር ይህን ማድረግ ይችላል። ሕሊናህ ከከበደህ ለዳኛው በትሕትና ንገር። አለቀ።

አሁን ወደምወደው አባት ልሂድ። እ.ኤ.አ. በ387 የአንጾኪያ ሕዝብ በግብር ተቆጥቶ የንጉሡን የቴዎዶስዮስን ሐውልቶች ሰባበረ። ከዚያ በኋላ ከተማው በፍርሃት ራደ። የታሰረው ታሰረ፣ የተገደለው ተገደለ፣ የቀረው የንጉሡን ፍርድ ይጠብቃል። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ያኔ ገና ቄስ ነው። ያን ዐቢይ ጾም ሕዝቡን ሲያጽናና ሰነበተ። የሚገርመው ግን፣ ሰው ሁሉ የንጉሡን ሰይፍ ሲያስብ እርሱ አጽናንቶ አጽናንቶ የሚመለሰው ወደ መሐላ ነው። መማል ተዉ! በማግስቱም ያው ነው። ሰሚዎቹ ሳይሰለቻቸው አልቀረም፤ እርሱ ግን እስክትተዉ አልተውም ባይ ነበር።

ከእነዚያ ስብከቶች በአንዱ ሐሳቡ እንዲህ ነው። ለማስማያ ያነሣኸውን ወንጌል እስቲ ገልጠህ አንብበው። ክርስቶስ ውስጡ አትማሉ ይላል። መሐላን የሚከለክለውን ሕግ መማያ ታደርገዋለህን?

ልብ በሉ፣ እዚህ ላይ የሚገሥጸው አስማዩን፣ ሌላውን «ማል» የሚለውን ነው። እኛ ይህን ጨርሶ አናስበውም። ባላጋራችን ሊዋሽ እንደተዘጋጀ እያወቅን «ምሎ ይብላው!» እንላለን። የወንድማችን ነፍስ ገደል ስትገባ ቆመን ልናይ ነው። ገንዘቡ ቢቀርብን ምን ነበረበት? ደግሞ እኮ ይህን የምንለው እንደ ትልቅ ትዕግሥት ቆጥረነው ነው።

ወደ ሐሰተኛው ምስክር ልመለስ። የናቡቴን ታሪክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሰውየው የአባቶቼን ርስት ለንጉሡ ለአክዓብ አልሸጥም አለ። ንግሥቲቱ ኤልዛቤል ምን አደረገች? ጦር አልላከችም። ጾም አሳወጀች! ከዚያ ናቡቴን በሕዝቡ ፊት አስቀምጣ ሁለት ሰዎች «እግዚአብሔርንና ንጉሡን ሰድቧል» ብለው እንዲመሰክሩበት አደረገች። ሕጉ ሁለት ምስክር ይላል፤ ሁለት ተገኘ። ሁሉም በሥርዓቱ ሄደ። ናቡቴ በድንጋይ ተወግሮ ሞተ። በኋላም መጽሐፍ የልጆቹን ደም ጭምር ያነሣል። የሐሰት ምስክር በአንድ ሰው ላይ ብቻ አይቆምም፤ ልጆችም ይከፍሉበታል።

የዚያን ቀን ሁለቱ ምስክሮች የጾሙ ስለመሆናቸው አልተጻፈም። ቢጾሙስ ምን ሊጠቅማቸው?

«ለዘመዴ ነው»፣ «እሱም ቢሆን ሌላ ጊዜ ዋሽቶብኛል»፣ «ጠበቃው እንዲህ በል ብሎኝ ነው»። እነዚህን ሰበቦች ሰምቼ ጠግቤአለሁ። ሕጉ ግን እንዲህ ይላል፦ «እግዚአብሔር ስሙን በከንቱ የሚጠራውን ከበደል አያነጻውምና»። ዘመድ እስከሆነ ድረስ የሚል ነገር የለበትም። ነቢዩ ዘካርያስም እርግማን የተጻፈበት መጽሐፍ ሲበር አየ። በስሙ በሐሰት ወደሚምል ሰው ቤት ይገባል፤ እንጨቱንና ድንጋዩን ሳይቀር ይበላል። በሐሰት ተምሎ የተገኘ ቤት ውስጥ እንዴት እንቅልፍ ይመጣል?

ለምስክርነት የተጠራህ፣ ቤተሰብ እያስጨነቀህ ያለህ ወንድሜ፣ አንቺም እህቴ፣ አትፍሩ። ያያችሁትን አየን በሉ። ያላያችሁትን አላየንም፣ የረሳችሁትን አናስታውስም በሉ። ይኩርፏችሁ። ጌታም ስለ እውነት ሲመሰክር የገዛ ደቀ መዝሙሩ በግቢው ውስጥ እየማለ «አላውቀውም» ይል ነበር። ብቻን መቅረት ምን እንደሆነ ያውቃል። ያንኑ ጴጥሮስንም አልጣለውም፤ አልቅሶ ተመለሰ።

ምለህ የዋሸኸው አንተም እንደ እርሱ መመለስ ትችላለህ። ግን ዘኬዎስ «ይቅር በለኝ» ብቻ አላለም፤ የበደልሁትን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። ንስሐ አባትህ ጋ ስትሄድ፣ በአንተ ቃል ቤቱን ወይም መሬቱን የተነጠቀው ሰው አሁን የት ነው ብለው ይጠይቁህ ይሆናል። ከመሄድህ በፊት አጣራ።